እጁ ያረፈ ሹፌር ዓይኑ ይተጋልን?

በከተማችን የሹፌር ረዳት ሲባል እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሰው ብቻ ነበር። በማለዳ ከአስኮ ተነሥቶ ወደ ፒያሳ ወይም ወደ መርካቶ የሚወርድ ሁሉ ያውቀዋል፤ በታክሲው በር ቆሞ መንገደኛ የሚጠራው፣ ሒሳብ የሚቀበለው፣ ከኋላ የሚመጣውን አይቶ ለሹፌሩ «ሂድ» ወይም «ቆይ» የሚለው ወጣት ነው። በቡራዩ በኩል ወደ አምቦ በሚወጣው የጭነት መኪና ላይ ያለው ረዳት ደግሞ ሥራው ከዚህ ይከብዳል፤ መኪናው በዳገት ላይ ቢቆም ፈጥኖ ወርዶ ከጎማው ሥር ታኮ የሚያደርግ እርሱ ነው። አሁን ግን በዚሁ በረዳትነት ስም የሚጠራ፣ ሰው ያልሆነ ሌላ ረዳት መጥቶአል።

አመጣጡም እንዲህ ነው። መንግሥት በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪኖች በየመንገዱ በዝተዋል፤ አብዛኞቹም የቻይና ሥራ ናቸው። ከእነርሱም በብዙዎቹ ላይ ከፊት መስተዋቱ በላይ ትንሽ ካሜራ፣ ከፊት መከላከያው ውስጥ ደግሞ ራዳር ይገኛል። ካሜራው በአስፋልቱ ላይ የተቀባውን ነጭ መስመር ያነባል፤ ራዳሩ በፊት ያለውን መኪና ርቀት ይለካል፤ መሣሪያውም ሁለቱን አስተያይቶ ፍጥነቱን ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ ፍሬን ይይዛል፣ መሪውንም በመጠኑ ያዞራል።

የአሜሪካ የአውቶሞቢል መሐንዲሶች ማኅበር ይህን ጥበብ ከ0 እስከ 5 በስድስት ደረጃ ከፍሎታል። ለነገራችን የሚያስፈልገው 2 ተብሎ የተቈጠረው ደረጃ ነው። በዚህ ደረጃ መሪውንም ፍጥነቱንም መሣሪያው ይይዛል፤ ኃላፊው ግን ሹፌሩ ነው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2017 (ከዚህ በኋላ የውጭ አገሩን ዘመን ሁሉ በዚሁ እቈጥራለሁ) ጄኔራል ሞተርስ በካዲላክ መኪናው ላይ ሹፌሩ በተመረጡ አውራ ጎዳናዎች እጁን ከመሪው ፈጽሞ እንዲያነሣ ፈቀደ፤ ነገር ግን ሌላ ትንሽ ካሜራ በሹፌሩ ፊት አኖረና ዓይኑ ከመንገዱ ሲርቅ መብራት እያበራ፣ መቀመጫውንም እያንቀጠቀጠ እንዲቀሰቅሰው አደረገ። ፎርድ በ2021 ተከተለ፤ እንግሊዝም በ2023 የፎርድን መሣሪያ በታላላቅ አውራ ጎዳናዎቿ ላይ ብቻ ፈቀደች። እንግዲህ ልብ ብሎ ለሚያይ ሰው፣ እጅን ያሳረፈው መሣሪያ ዓይንን የሚጠብቅ ዘበኛ ማቆም አስፈልጎታል።

በአስኮ ተራቸውን የሚጠብቁ ሹፌሮች ስለዚህ ነገር ሲጨዋወቱ አሳባቸው ሦስት ወገን ነው። ዕድሜያቸው የገፋው «መሪ ለቅቆ የሚቀመጥ ሰው ተሳፋሪ እንጂ ሹፌር አይደለም» ይላሉ። በአዲሱ የኤሌክትሪክ መኪና የሚሠሩት ወጣቶች ደግሞ፣ ከዊንጌት ወዲያ በቀለበት መንገድ ላይ መኪናው ሁሉ ተሰልፎ ሲንፏቀቅ እግራቸውን ያሳርፍላቸዋልና ያመሰግኑታል። ሦስተኞቹ ሞክረው የተዉት ናቸው፤ ሚኒባስ ድንገት ሲገባባቸው መሣሪያው ከመጠን በላይ ፍሬን ይይዛል፤ ከኋላ የሚመጣውም ይህን አይጠብቅምና ሊገጫቸው ይደርሳል፤ ስለዚህ አጥፍተውት ይነዳሉ። ሦስቱም ያዩትን ይናገራሉና አልነቅፋቸውም። ነገር ግን ከሦስቱ አንዱም ያላነሣው ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ሥራውን ለሌላ ሰጥቶ ኃላፊነቱን ለራስ ማስቀረት ይቻላልን የሚለው ነው።

ይቻላል የሚሉት ሰዎች ምክንያታቸው ቀላል ነው፤ የሹፌሩ ሥራ ማየት ብቻ ይሁን፣ አደጋ ሲመጣም መሪውን ይያዝ ይላሉ። ማየት ብቻ! ይህ ቃል ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ግን ከሥራ ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። በካምብሪጅ ይሠራ የነበረ ማክዎርዝ የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ራዳር የሚጠብቁ ሰዎች ምልክቱ ለምን እንደሚያመልጣቸው ለማወቅ ፈልጎ፣ ሰዎችን ሰዓት በሚመስል መሣሪያ ፊት አስቀምጦ መርፌው አልፎ አልፎ ዘልሎ ሲሄድ እንዲናገሩ አደረገ። በ1948 ባሳተመው ጽሑፍም ንቃታቸው ገና በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ እንደሚቀንስ አሳየ። ሰነፎች ስለ ሆኑ አልነበረም፤ የሰው ተፈጥሮ ስለ ሆነ ነው እንጂ።

ሌሊቱን በማኅሌት የቆመ ሰው ይህን ከማክዎርዝ አስቀድሞ ያውቀዋል። ጸናጽል የያዘ እጅ፣ ከመቋሚያው ጋር የሚወዛወዝ አካል፣ ዜማውን የሚቀበል አፍ እስከ ንጋት ይነቃል፤ በአጠገቡ ግድግዳ ተደግፎ ዝም ብሎ የሚሰማው ግን፣ ፍቅሩ ባያንስም፣ ከመንፈቀ ሌሊት በኋላ ራሱ ይዘነብላል። ዓይንን የሚያነቃው እጅ ነው ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም። ቤንብሪጅ የተባለች እንግሊዛዊትም በ1983 በጻፈችው ዝነኛ ጽሑፍ ይህንኑ በፋብሪካ ሥራ ላይ አሳይታለች፤ መሣሪያው ቀላሉን ሥራ ሁሉ ከሰው በወሰደ መጠን ለሰው የሚቀረው ከባዱ ብቻ ይሆናል፤ ያ ከባድ ሥራ በሚመጣበት ሰዓት ደግሞ ሰውዬው ልምዱን በሥራ ፈትነት አጥቶታል።

የሹፌሮቹን አሳብ በቊጥር ማወቅ ለሚፈልግ፣ በ2022 የመንገድ ደኅንነትን የሚመረምር አንድ የአሜሪካ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ተቋም መሣሪያውን ዘወትር የሚጠቀሙትን ሰዎች ጠይቆ ነበር። ከጄኔራል ሞተርስ መሣሪያ ተጠቃሚዎች 53 ከመቶ፣ ከቴስላ ተጠቃሚዎች 42 ከመቶ የሚሆኑት፣ መኪናቸውን ፈጽሞ ራሱን ችሎ እንደሚነዳ አድርገው ቢይዙት ቅር እንደማይላቸው መለሱ። ከእነዚያ መኪኖች ግን አንዱም ራሱን ችሎ የሚነዳ አልነበረም።

አባቶቻችን በበቅሎ ላይ እያንቀላፉ ቤታቸው ይደርሱ ነበር፤ በቅሎዋ መንገዱን ታውቃለችና፤ ታዲያ መኪናው ቢያውቅ ምን ነውር አለው? የሚል ሰው አጋጥሞኛል። መልካም ጥያቄ ነው። ነገር ግን በቅሎ ገደል ስታይ የምትቆመው ለጌታዋ አዝና አይደለም፤ ለገዛ ነፍስዋ ፈርታ ነው። የታክሲውም ረዳት፣ ታኮ የሚያደርገውም ረዳት፣ ሹፌሩ ቢሳሳት አብረው የሚጎዱ ናቸው። አዲሱ ረዳት የሚፈራለት ነፍስ የለውም፤ ስለዚህ ፍርሃቱን ሁሉ ሰው ብቻውን ይሸከምለታል።

ደግሞም የኛ መንገድ ለመሣሪያው አይመቸውም። አስኮን የሚያውቅ እንደሚያውቀው፣ ነጩ መስመር በብዙ ቦታ ጠፍቶአል፤ ጭነት የጫኑ አህዮች ከሚኒባስ ጋር ይጋፋሉ፤ ሰውም በተቀባው ማቋረጫ ሳይሆን ባሻው በኩል ይሻገራል። ሹፌሩ ይህን ሁሉ የሚያልፈው መስመር አንብቦ አይደለም፤ ሰው አንብቦ ነው። ሸክም ያዘለችው ሴት ልትሻገር እንደ ሆነ ወይም ታክሲ እንደምትጠብቅ ከአንገቷ መዞር ያውቃል፤ እርስዋም ዓይኑን አይታ ታልፋለች ወይም ትቆማለች። በ2018 በአሜሪካ ቴምፒ በተባለች ከተማ፣ ኡበር የተባለው ኩባንያ ይሞክረው የነበረ መኪና ሌሊት ብስክሌት እየገፋች መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ ገደለ። የአደጋ መርማሪው ቦርድ እንዳገኘው፣ መሣሪያው ሲሠራ ከማቋረጫ ውጪ የሚሻገር ሰው ይኖራል ተብሎ አልታሰበም ነበር፤ ስለዚህ ሴቲቱን አንድ ጊዜ ያልታወቀ ነገር፣ አንድ ጊዜ መኪና፣ አንድ ጊዜ ብስክሌት ሲል ጊዜው አለቀ። ከማቋረጫ ውጪ የሚሻገር ሰው ያልታሰበበት መሣሪያ በአስኮ ማንን ያይ ይሆን? እንድትጠብቅ በመኪናው ውስጥ የተቀመጠችው ሠራተኛ ደግሞ በዚያች ሰዓት ዓይኗ በስልክ ላይ ነበር። በ2023 ጥፋቷን አመነች፤ ለሦስት ዓመት በቊጥጥር ሥር እንድትቆይም ተፈረደባት። ኩባንያው በወንጀል አልተከሰሰም።

ይህ ጥያቄ ወደ አገራችን በመኪና ከመምጣቱ በፊት በአውሮፕላን ደርሶብናል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቢሾፍቱ አጠገብ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን 157 ሰዎች አለቁ። አንድ ጠቋሚ የተሳሳተ ልክ ስለ ሰጠ፣ ኤምካስ የተባለው መሣሪያ ያን አምኖ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ገፋ፤ አብራሪዎቹም ታገሉት፤ አልቻሉትም። ይህ መሣሪያ መኖሩ ስንኳ፣ ከዚያ አራት ወር ተኩል ያህል በፊት በኢንዶኔዥያ ሌላ አውሮፕላን እስኪወድቅ ድረስ ለአብራሪዎች አልተነገረም ነበር። ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ከካርቱም የመጣ ሌላ የአየር መንገዱ አውሮፕላን መውረጃውን አልፎ በ37 ሺህ ጫማ ከፍታ መብረሩን ቀጠለ። አብራሪዎቹ እንቅልፍ ወስዶአቸው እንደ ነበረ፣ የቀሰቀሳቸውም ራሱን ችሎ የሚያበረው መሣሪያ ሲለቅ የሚጮኸው ደወል እንደ ሆነ ተዘገበ፤ ከዚያ በኋላ በደኅና አረፉ።

በፊተኛው ሰዎቹ ነቅተው ሳሉ ሥልጣኑ በመሣሪያው እጅ ነበር፤ በሁለተኛው ሰዎቹ ተኝተው መሣሪያው ነቅቶ ነበር። እንግዲህ የመሣሪያ ጠላት ሆኜ አልጽፍም። ሌሊት ሙሉ በጫት ብርታት የጭነት መኪና የሚነዳ ሰው ባለበት አገር፣ የማይደክም ጠባቂ ሥራ አያጣም። በድንገት ፍሬን የሚይዘው መሣሪያ ብቻውን ከኋላ የመግጨትን አደጋ በግማሽ እንደሚቀንስ ያው የአሜሪካ ተቋም አረጋግጦአል፤ እርሱም የሹፌሩን ሥራ ሳይወስድ ከኋላው የቆመ ነውና ታኮ ከሚያደርገው ልጅ ጋር እቈጥረዋለሁ። ነገር ግን በሰማይ ለነቃ አብራሪ ደቂቃዎች ይተርፉታል፤ በምድር ያለ ሹፌር ያን አያገኝም። መጋቢት 2025 በቻይና አንሁይ በተባለው አገር በሰዓት 116 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረ የሺያኦሚ መኪና፣ መንገዱ ለጥገና በተዘጋበት ቦታ ሲደርስ ሹፌሯን አስጠነቀቀ፤ መሪውን ያዘች፤ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ ከሲሚንቶው ግንብ ጋር ተጋጨ። በውስጡ የነበሩት ሦስት ተማሪዎች ሞቱ። በሚቀጥለው ወር የቻይና መንግሥት መኪና ሠሪዎች በማስታወቂያቸው «ራሱን የሚነዳ» የሚለውን አጠራር እንዳይጠቀሙ ከለከለ።

እኔን ቅር የሚለኝ ይህ ነው፤ ማስጠንቀቂያው በተሰማ ጊዜ ኃላፊነቱ በሙሉ ወደ ሰው ይመለሳል፣ ጊዜው ግን አይመለስም። መሬቱን ወስዶ ግብሩን በባለርስቱ ላይ ያስቀረ ሰው ቢኖር ምን እንለዋለን? ጀርመን በ2021 መጨረሻ ለመርሴዲስ በፈቀደችው የ3 ደረጃ መሣሪያ፣ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ፍጥነት ሹፌሩ ዓይኑንም ከመንገድ እንዲያነሣ በሕግ ተፈቅዶለት ነበር፤ እዚያ ቢያንስ የሥራው ድርሻ በግልጽ ተነግሮአል።

የኛ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 እንስሳ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል፤ በአንቀጽ 2081 ደግሞ ስለ መሣሪያና ስለ ባለሞተር ተሽከርካሪ ይህንኑ ይደነግጋል፤ ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳው ስንኳ ባለቤቱ ይከፍላል። እንግዲህ ስለ ካሳው ችግር የለም። ጥፋት ግን ከካሳ ሌላ ነው። በኦሪት የተጻፈው የወጊ በሬ ፍርድ ለአንባቢዎቼ እንግዳ አይደለም፤ በሬው ቀድሞ ወጊ ካልነበረ ባለቤቱ ንጹሕ ነው፤ ወጊነቱ ተነግሮት ሳይጠብቀው ከቀረ ግን ይጠየቅበታል። ሁሉም የተንጠለጠለው «ተነግሮት» በሚለው ቃል ላይ ነው።

በአዲስ አበባ ደግሞ መኪናውን የሚገዛው አንዱ፣ ተቀጥሮ የሚነዳው ሌላው ነው። ባለቤቱ ቊልፉን ሲሰጥ ስለ ባትሪው ይናገራል፣ ስለ ዕለቱ ገቢ ይናገራል፤ መሣሪያው ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ የሚነግር ብዙ አይደለም። ከእነዚህም መኪኖች ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ስለ ሆኑ ጽሕፈታቸውም ድምፃቸውም በቻይንኛ ነው። በአስኮ ያሉ ሹፌሮች ቃሉን ስለማያውቁ ድምፁን በልምድ ለመፍታት ይሞክራሉ። አንዱ ሴቲቱ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር መሪውን ያዝ ማለቷ ነው ይላል፤ ባልንጀራው ደግሞ አይደለም፣ ቀበቶህን እሰር ማለቷ ነው ይላል።