ልባችንም አማና ናት



አንድ ወጣት ከሶላት በኋላ ቀርቦ «ኡስታዝ፣ የልብህ ቫልቭ ተጎድቷል ተባልኩ። በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ እወጋለሁ። አሁን ግን ምንም አያመኝም፤ በአላህ ተመክቼ ባቆመውስ?» አለኝ።

ወንድሜ፣ መርፌው ለዛሬ ሕመም አይደለም። በልጅነት ከቶንሲል የተነሳው የሩማቲክ በሽታ ተመልሶ ልብህን ይበልጥ እንዳይጎዳ ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን አዘዋል፤ ግመሉን ሳያስር ሊመካ ያሰበውንም መጀመሪያ እንዲያስር ነግረውታል። ሰበብ ማድረስ የተወኩል አካል ነው።

መቆም ካቃተህ ተቀምጠህ ስገድ። ጾም እንደሚጎዳህ ሐኪም ከነገረህ አላህ ለታመመ የሰጠውን ፈቃድ ተቀበል። ቀጠሮህን ግን አትዝለል፤ ቢስሚላህ ብለህ ተወጋ።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይላክ። ጁምዓ ሙባረክ!