ዘግይቶ ስለ ታወቀ ደዌ

ነፍሷን ይማርና፣ የአክስቴ ልጅ በሞት በተለየችን በአርባው ቀን ጸሎቱ ደርሶ እንግዳው ከተሸኘ በኋላ፣ ታላቅ ወንድሟና የበኵር ልጇ ሐኪሙ ይከሰስ አይከሰስ በሚለው ነገር ተለያይተው እነሆ እስከ ዛሬ አልታረቁም። በብብቷ ሥር የወጣው ዕጢ ቲቢ ነው ተብሎ፣ ናሙና ሳይወሰድለት፣ የስድስት ወር መድኃኒት ታዝዞላት ነበር፤ መድኃኒቱን ጨርሳ ዕጢው ግን እየገፋ በሄደ ጊዜ ሌላ ሐኪም መርምሮ የዕጢ ካንሰር መሆኑንና ወደ ሆዷም መዝለቁን አገኘ። ልጁ «ጋሼ፣ እናቴን የገደላት መዘግየቱ ነው» ይላል፤ አጎቱም ሐኪምን ማክበር በመጽሐፈ ሲራክ የታዘዝነው መሆኑን ጠቅሶ፣ ዕለተ ሞት በፈጣሪ እጅ ናት ብሎ ይመልስለታል። እኔን ያስጨነቀኝ ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ሞቷ ብቻ መሆኑ ነው፤ መዘግየቱ ሞትን ባያመጣ እንኳ በራሱ በደል ሊሆን ይችል እንደ ሆነ የጠየቀ አልነበረምና።

ስሕተት ነበረ ወይስ አልነበረም በሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። የዕጢ ቲቢ በአገራችን የተለመደ ደዌ ስለ ሆነ ሐኪሙ አስቀድሞ እርሱን መጠርጠሩ አያስነቅፈውም፤ ዕጢው በመድኃኒቱ አልጠፋ ባለ ጊዜ ናሙና አለመውሰዱ ግን ያስነቅፈዋል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግም በቍጥር 2031 የሙያውን ደንብ በግልጽ ቸልታ የጣሰ ባለሙያ ኀላፊ እንዲሆን ያዝዛል። የሚከብደው ከዚያ ቸልታ የተነሣ ምን እንደ ጠፋ መናገሩ ነው።

በእንግሊዝ አገር የጌቶች ምክር ቤት ዳኞች እ.ኤ.አ. በ2005 ይህንኑ የሚመስል ነገር ቀርቦላቸው ነበር፤ በብብቱ ዕጢ የወጣበት አንድ ሰው ሐኪሙ ክፉ አይደለም ብሎ ስለ ሰደደው ሕክምናው ዘጠኝ ወር ያህል ዘግይቶበት፣ አሥር ዓመት የመኖር ተስፋው ከመቶ 42 ወደ 25 ወረደ። ዳኞቹም ሦስት ለሁለት ተከፍለው፣ ተስፋው ከመጀመሪያውኑ ከግማሽ በታች ስለ ነበረ ጤናውን ያሳጣው መዘግየቱ ነው ለማለት አይቻልም በማለት ሳይፈርዱለት ቀሩ። እኔ በአሳብ ከተለዩት ከሁለቱ ዳኞች ጋር ነኝ፤ ደዌ የጸናበት ሰው ቢዘነጋ የሚጠየቅ የለም የሚል ሕግ፣ ጥበቃ እጅግ የሚያስፈልገውን ሰው ያለ ጥበቃ ይተወዋልና። የፈረንሳይ ፍርድ ቤቶች የጠፋን ተስፋ ራሱን እንደ ጉዳት ቈጥረው ካሣ መወሰናቸው ለሕገ ልቡና የቀረበ ይመስለኛል።

ነገር ግን ተስፋዋ ከቶ ኢምንት ነበረ ብንል እንኳ፣ በዚያ ስድስት ወር ውስጥ የጠፋ ሌላ ነገር ነበረ ብዬ አስብ ነበር፤ እርሱም ፍጻሜዋን አውቃ የምትሰናዳበት ጊዜ ነው። እድናለሁ ብላ ከዕቁብ የደረሳትን ገንዘብ በቤቷ ጣሪያ ላይ አዋለችው፤ ኑዛዜዋን አልጻፈችም፤ በውርስ ከተኳረፈቻት እኅቷ ጋር መታረቁንም ለፋሲካ አቆየችው። ሕጉ ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሣ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ በቍጥር 2116 ወስኗል፤ ሆኖም የገንዘቡ ማነስ የበደሉን መጠን አይለውጠውም ብዬ፣ ልጁ ሊከስስ ይገባዋል ወደሚለው አሳብ አዘንብዬ ነበር።

ይህን አሳብ ያናወጠብኝ አንድ መቃወሚያ ነው። ሁለተኛው ሐኪም እውነቱን ባወቀ ጊዜ አስቀድሞ የነገረው በአገራችን እንደ ተለመደው ለወንድሟ ነው፤ ወንድሟም ለልጇ ነገረው፤ ሁለቱም ተማክረው፣ ሰውነቷ እስኪዝል ድረስ ከእርሷ ሰወሩት። እንግዲህ ደዌው በጊዜው ቢታወቅ ኖሮ ያው ዝምታ በስድስት ወር ቀድሞ ይጀምር ነበር እንጂ እርሷ ምን ታውቅ ነበር? ሊነግራት ያልፈቀደ ሰውስ ሐኪሙ ሳትሰናዳ አስቀራት ብሎ በምን አንደበት ይከስሳል? ቤተ ሰቡ የሰወረው በርኅራኄ ነው፣ ሐኪሙ ግን በቸልታ ነው የሚል መልስ ቢሰጥ፣ ልዩነቱ የአድራጊዎቹን ኅሊና ይለያል እንጂ እርሷ ያጣችውን አይመልስም፤ እንዲያውም ሐኪሙ ያላወቀውን አልነገራትም፣ እነርሱ ግን ያወቁትን አልነገሯትም።

ከዚህ የሚሻል አንድ መልስ አለ። ወንድሟ ምክንያቱን ሳይገልጥ የንስሐ አባቷን ወደ ቤት አመጣ፤ የተኳረፈቻትንም እኅት ልኮ አስጠራ፤ ሁለቱ እኅትማማቾችም ታረቁ። እውነቱ ከእርሷ ተሰውሮ ሳለ በዘመዶቿ እጅ ሠራላት ማለት ነው፤ ስለዚህ ደዌው ቀድሞ ቢታወቅ ኖሮ ስድስቱ ወር ለእርሷ ከንቱ ባልሆኑ ነበር ለማለት ይቻላል። ይህን መልስ እቀበለዋለሁ፤ ዳሩ ግን በዚህ መንገድ ስንሄድ የጠፋው የእርሷ ማወቅ መሆኑ ቀርቶ እኛ እርሷን የምናገለግልበት ጊዜ ይሆናል፤ ከሳሹም ሟቺቱ መሆኗ ቀርቶ እኛ እንሆናለን። እውነቱን የመስማት መብት የራሷ ብቻ ነበረና፣ በሕይወት ሳለች ያልሰጣት ሰው ከሞተች በኋላ በስሟ ሊጠይቅበት ይችላል ብዬ ለመናገር አልደፍርም።

ስለዚህ አሳቤ ከጀመርሁበት ጠብቧል። የቀረው ቀድሞ ቢታከም የመዳን ተስፋ ነበራት ወይ የሚለው ነው፤ ከዕጢ ካንሰር ዐይነቶች አንዳንዶቹ በጊዜው ቢደረስባቸው የሚድኑ ናቸውና፣ የእርሷ ከየትኛው እንደ ነበረ ሐኪሞች ከመዝገቧ አይተው ሊናገሩ ይችላሉ። ልጁን የመከርሁትም የሕክምና መዝገቧን በጽሑፍ እንዲጠይቅ፣ ቢያስፈልግም የጤና ባለሙያዎችን የሥነ ምግባር ጉዳይ ለሚመረምረው ኮሚቴ እንዲያመለክት ነው። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መሆኑን ሕጉ በቍጥር 2143 ወስኗል፤ መዘግየት ግን የደረሰበት አንድ የታወቀ ቀን ስለሌለው፣ መድኃኒቱ ከታዘዘበት ዕለት ጀምሮ እንዲቈጥር ነግሬዋለሁ። አጎቱ ይህንንም እንደ ክስ ቈጥሮ ተቀይሞኛል፤ ልጁም ክሱን አንተ ብትሆን ታቀርበው ነበርን ብሎ ሲጠይቀኝ፣ መዝገቡ ሳይታይ ልመልስለት አልቻልሁም።