መልካም ስም አይከራይም

ዓርብ መውጣት ለተፈቀደላችሁም ላልተፈቀደላችሁም ይህቺ ወረቀት በሰላም ትድረሳችሁ።

የዛሬው ክፍላችን ምሳሌ 22፥1 ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ያላችሁ ገልጣችሁ አንብቡት። ጠቢቡ እዚያ ላይ ስምንና ሀብትን በሚዛን ያስቀምጥና ስም እንደሚበልጥ ያሳየናል።

ይህን ክፍል የመረጥኩት በመካከላችን ጥያቄ ስለተነሣ ነው። አንዳንድ እኅቶች «የኢንተርኔት ስም ገዝተሽ ብትሸጪ ትከብሪያለሽ» የሚል መልእክት በስልካቸው ደርሷቸዋል። ኃጢአት ነው ወይ? ገንዘባችንንስ እናውጣበት ወይ? ብለው ጠየቁ። እኔ የኮምፒውተር አዋቂ አይደለሁም፤ ግን ጠይቄና አንብቤ የተረዳሁትን ከቃሉ ጋር ላካፍላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንተርኔት ላይ ድርጅቶች እንደ ቤት አድራሻ የሚያገለግል ስም አላቸው፤ ዶሜይን ይሉታል። መጨረሻው ዶት ኮም ይላል፣ የአገራችን ደግሞ ዶት ኢቲ። አንድ ስም በአንድ ጊዜ የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ቀድሞ ያስመዘገበ ይይዘዋል። ዶት ኮም ለማስመዝገብ በዓመት አስር ዶላር ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ይበቃል። ስለዚህ ጥሩ ቃል ቀድመው አስመዝግበው በውድ የሚሸጡ አሉ። ቢዝነስ ዶት ኮም እ.ኤ.አ. በ1997 በ150 ሺህ ዶላር ተሽጦ ነበር፤ በ1999 ደግሞ በ7 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ተሸጠ። ቮይስ ዶት ኮም በ2019 በ30 ሚሊዮን ዶላር ሄደ። ይህ እውነት ነው። ታዲያ ቃሉ ምን ይለናል?

አንደኛ፣ መግዛትና መሸጥ በራሱ ኃጢአት አይደለም። አባታችን አብርሃም ሣራን ለመቅበር የኤፍሮንን እርሻ ሲገዛ (ዘፍጥረት 23) አራት መቶ ሰቅል ብር በሰው ሁሉ ፊት መዝኖ ከፈለ። ማንም ያልያዘውን ተራ ቃል በግልጽ አስመዝግቦ ለሚፈልገው በግልጽ መሸጥም ንግድ ነው።

ሁለተኛ፣ የሰውን ስም ይዞ ዋጋ መጠየቅ ግን ሌላ ነው። ሌላው ደክሞ ያስከበረውን ስም ቀድመሽ አስመዝግበሽ «ካልከፈልክ አልለቅም» ማለት ምንድነው? ፓስፖርት ቆልፎ «ካልከፈልሽ አልሰጥም» የሚል ሰው ምን እንደሚመስል ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ይህን በክፉ ልብ ያደረገውን ለአንድ ስም እስከ 100 ሺህ ዶላር ያስከፍለዋል። ሕጉ ሳይወጣ ግን የባልንጀራን ንብረት እንዳንመኝ ታዘናል። አክዓብ የናቡቴን ወይን እንዴት እንደተመኘና መጨረሻው ምን እንደሆነ 1ኛ ነገሥት 21 እና 22ን አንብቡ።

የራሱን ስም የጠበቀም አለ። ኡዚ ኒሳን የተባለ በአሜሪካ የሚኖር የኮምፒውተር ነጋዴ በ1994 በቤተሰቡ ስም ኒሳን ዶት ኮምን አስመዘገበ። በ1999 የመኪናው ኩባንያ 10 ሚሊዮን ዶላር ጠይቆ ከሰሰው። ለዓመታት ተካሰሱ፤ ስሙን ግን አልወሰዱበትም፤ በ2020 እስኪሞት በእጁ ነበር።

ሦስተኛ፣ ወጪውን ቁጠሪ። ጌታ በሉቃስ 14 ግንብ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ቁጭ ብሎ እንደሚያሰላ አስተምሯል። እናስላ። ሃያ ስም ብታስመዘግቢ በዓመት 200 ዶላርና ከዚያም በላይ ነው፤ ለብዙዎቻችን የወር ደመወዝ። ባይሸጥልሽም በዓመቱ እንደገና ትከፍያለሽ። «ገዛሁ» ይባላል እንጂ እንደ ኪራይ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከአስር ዓመት በላይ አይመዘገብም፤ ካላደስሽው ይለቀቅና ሌላው ይወስደዋል። የመጀመሪያው ዶት ኮም የተመዘገበው በ1985 ነው፤ አጫጭሮቹ ጥሩ ቃላት ከተያዙ ቆይተዋል። ደግሞ የሚወራልን ስለተሸጡት ነው፤ ሳይሸጡ ስለቀሩት ማን ያወራል? «ገንዘቡን ላኪልኝ፣ እኔ እገዛልሻለሁ» የሚልሽን ሰው «በማን ስም ነው የሚመዘገበው?» በይው። በእሱ ስም ከተመዘገበ የእሱ ነው፣ ያንቺ አይደለም። ያ ገንዘብ የእናትሽ መድኃኒት፣ የወንድምሽ ደብተር መሆኑን አትርሺ።

አራተኛ፣ የእኛስ ስም? ስንቶቻችን ነን ደላላ በፓስፖርታችን ላይ ሌላ ስም አስጽፎልን የመጣነው? አባቴ ያወጣልኝ ስም በምሠራበት ቤት አይታወቅም፤ ለአፋቸው ስለከበዳቸው በሌላ ይጠሩኛል። መጀመሪያ ሰሞን ሲጠሩኝ የምጠራው እኔ አልመስለኝም ነበር። ግን እኅቶቼ፣ ኢሳይያስ 43ን አንብቡ። እግዚአብሔር በሰው አገር ለተማረኩት ሕዝቡ በስማቸው እንደጠራቸውና የእሱ እንደሆኑ ይነግራቸዋል። ጌታም በሉቃስ 10 ደቀ መዛሙርቱ ስማቸው በሰማይ ስለተጻፈ ደስ እንዲላቸው ነግሯቸዋል። ያ መዝገብ በየዓመቱ አይታደስም። ደላላ አይገባበትም። ዋጋውም አንድ ጊዜ በመስቀል ላይ ተከፍሏል።

እንግዲህ ኃጢአት ነው ወይ ላላችሁኝ፦ በእውነትና የሰውን ሳይነኩ ከሆነ አይደለም። ገንዘብ እናውጣ ወይ ላላችሁኝ፦ ለቤተሰብ ከምትልኩት ላይ አትንኩ። ልሞክር የምትል ብትኖር ቢጠፋ በማያስለቅሳት ገንዘብ፣ በራሷ ስም ይሁን። ከሁሉ በላይ ግን ማንም ሳያየን በታማኝነት በመሥራት፣ የታመመች እኅታችንን በመጠየቅ፣ የተበደርነውን በመመለስ መልካም ስም እናትርፍ። ይህን ስም ማንም ቀድሞ አያስመዘግብብንም።

ጌታ ሆይ፣ ሰው ስማችንን ቢለውጥ አንተ አትረሳንም፤ የላባችንን ፍሬ ከአታላይ ጠብቅልን፤ በሰላም ለአገራችን አብቃን። አሜን።