በሰገነት ላይ የተሠራች ትንሽ ክፍል

የዓመት መጨረሻ ስብከት
ንባብ፦ 2ኛ መጽሐፈ ነገሥት 4፥8-37፤ 8፥1-6



ዐሥራ ሁለቱ ወራት ሠላሳ ሠላሳ ቀን ይዘው ካለፉ በኋላ ጳጉሜን አምስት ቀን ብቻ ይዛ ትመጣለች፤ በየአራት ዓመቱም በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ስድስት ቀን ትሆናለች። ይህች አጭር ወር በአሮጌውና በአዲሱ ዓመት መካከል እንደ ቤት ደፍ ናት። በደፍ ላይ የቆመ ሰው ወደ ኋላውም ወደ ፊቱም ያያልና፥ እኛም በእነዚህ ጥቂት ቀኖች ቆም ብለን ኑሮአችንን ልንመለከት ይገባናል።

በእነዚህ ቀኖች በየቤቱ የሚሠራው የታወቀ ነው። ግድግዳው ይመረጋል፥ ምንጣፉ ዝናቡ ጋብ ሲል ፀሐይ ላይ ይሰጣል፥ ጌሾው ይወቀጣል፥ ዶሮውና በጉ ይታሰባል፥ ለልጆችም አዲስ ልብስ ይፈለጋል። ይህን አንነቅፍም፤ ልጆች አደይ አበባ ይዘው በየደጁ ሲዘምሩ ደስ የማይለው ማን ነው? ነገር ግን ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ያስተዋልነው አንድ ነገር አለ፤ ከቤታችን ተጠርጎ የሚወጣው ጥቂት ሲሆን የሚገባው ብዙ ነው። ለበዓሉ የምንበደረውም አለ፤ በእንቍጣጣሽ የበላነውን በግ እስከ ኅዳር ድረስ ስንከፍለው የምንኖር ጥቂቶች አይደለንም።

የራሳችንንም ነገር ሳንሸሽግ እንናገር። በአንድ ጳጉሜን ትልቁን የልብስ ሣጥናችንን ከፍተን ስናራግፍ፥ ለእንግዳ ብለን ያኖርናቸውን ሁለት ጋቢዎች አገኘን። ከተሠሩ ብዙ ዓመት ሆኖአቸው ነበር፤ እንዳያረጁ ስለሳሳንላቸው ግን አንድም ቀን አልተለበሱም። የላይኛውን ስንዘረጋው አይጥ ቀዳድዳው ጎጆዋን ሠርታበት አየን። በዚያው ክረምት የሰፈራችን ዘበኛ የሆኑት ሽማግሌ በደጃችን ፊት፥ በቆርቆሮ መጠለያቸው ውስጥ፥ አሮጌ ካፖርታቸውን ደርበው ሌሊቱን ያሳልፉ ነበር። እኛም በየማለዳው «እንዴት አደሩ አባባ?» እንላቸዋለን፤ እርሳቸውም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ይመልሱልናል። ብርዱን አላነሡብንም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም። እንግዳው ሲመጣ ጋቢው ይወጣል እንል ነበርና።

ይህን ካየን በኋላ ነበር የሱነማዊቱን ሴት ታሪክ እንደ አዲስ ያነበብነው።

መጽሐፍ ይህችን ሴት ታላቅ ሴት ይላታል። ድኻ አልነበረችም፤ እርሻና አጫጆች፥ ሎሌዎችና አህዮች ነበሩአት። ነቢዩ ኤልሳዕ በሱነም በኩል ባለፈ ቍጥር እንጀራ ይበላ ዘንድ ግድ ትለው ነበር። ኋላም ከባልዋ ጋር ተማክራ በሰገነት ላይ አንዲት ትንሽ ክፍል ልታሠራለት አሰበች። በዚያች ክፍል ምን ምን እንዲቀመጥ አሰበች? አራት ዕቃ ብቻ ነው፤ አልጋ፥ ጠረጴዛ፥ ወንበርና መቅረዝ። እንዲህ ያለች ባለጠጋ ሴት ክፍሉን በምንጣፍና በብር ዕቃ ልትሞላው በቻለች ነበር። እርስዋ ግን የሚያስፈልገውን አውቃ በዚያ አቆመች። የሚተኛበት አለው፥ የሚበላበትና የሚያነብበት አለው፥ የሚቀመጥበት አለው፥ ሲጨልምም የሚያይበት ብርሃን አለው። የቀረው ቦታ ባዶ ነው፤ ለጸሎት የሚሆነውም ያ ባዶ ቦታ ነው።

ወዳጆች ሆይ፥ በቤታችን እንዲህ ያለ ባዶ ቦታ አለን? ስለ ክፍሉ ብቻ አንጠይቅም፤ ስለ ቀኑም እንጠይቃለን። ማለዳ ስንነሣ፥ ገና አባታችን ሆይ ሳንል፥ እጃችን ወደ ስልኩ ይሄዳል። ማታም መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ የሰው ወሬ ስናይ እናመሻለን። ዕቃው ቤታችንን እንደ ሞላው፥ ወሬውም ሰዓታችንን ሞልቶታል። ወንበር አለን፥ ተረጋግቶ የሚቀመጥበት ግን የለም፤ መብራት አለን፥ የሚነበብበት ግን የለም። ቤተ ሰቡ በአንድ ማዕድ ዙሪያ ተቀምጦ እርስ በርሱ የማይተያይበትን ምሽት በእኛም ቤት አይተናል።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ነቢዩ ውለታዋን ሊመልስ ወድዶ፥ ለንጉሡ ወይም ለሠራዊቱ አለቃ እንዲነገርላት ትፈልግ እንደ ሆነ በሎሌው በግያዝ በኩል አስጠየቃት። ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ በንጉሥ ፊት የሚናገርለት ሰው ለማግኘት ስንት ሰው ደጅ ይጠናል! የእርስዋ መልስ ግን በወገኖችዋ መካከል መኖርዋ እንደሚበቃት የሚያስረዳ ነበረ። ይህን ያለችው የጐደለባት ነገር ስለሌለ አልነበረም፤ ልጅ አልነበራትም፥ ባልዋም ሸምግሎ ነበር። ይህን የተናገረው ግያዝ ነው እንጂ እርስዋ አይደለችም። ኀዘንዋን በሹመትና በሀብት ልትሸፍነው አልፈለገችም። እኛ ግን ስንት ጊዜ ልባችን ሌላ ነገር እየተራበ ገበያ ወጥተን ዕቃ ገዝተናል?

በዚህ ስፍራ አንድ ማስጠንቀቂያ መናገር ያስፈልገናል። አንዳንድ ሰው ይህን ሰምቶ፥ «እንግዲያስ ዕቃዬን ብቀንስ፥ ኑሮዬን ባሳንስ በእግዚአብሔር ዘንድ እጸድቃለሁ» ይል ይሆናል። ማርቲን ሉተር ይህን መንገድ ሞክሮታል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1505 ዓ.ም. በኤርፉርት ከተማ ወደ ገዳም ገብቶ በስእለት ድኻ ሆነ፤ ጾመ፥ ሌሊቱን ነቃ፥ የራሴ የሚለው አንድም ነገር አልነበረውም። ሆኖም ሕሊናው ዕረፍት አላገኘም፤ ባዶ እጅ ንጹሕ ልብ አይደለምና። ዕረፍት ያገኘው ጽድቅ በእምነት የሚቀበሉት የእግዚአብሔር ስጦታ እንደ ሆነ ከቅዱሳት መጻሕፍት በተረዳ ጊዜ ነው። በ1525 ዓ.ም. ካታሪና ፎን ቦራን ካገባ በኋላም ቤቱ ልጆችና ተማሪዎች፥ እንግዶችም የሞሉበት ቤት ሆነ። በ1529 ዓ.ም. ባወጣው ትንሹ ካቴኪዝም የዕለት እንጀራ ምን እንደ ሆነ ሲያስረዳ ምግብን ብቻ አልጠቀሰም፤ ልብስንና ጫማን፥ ቤትንና እርሻን፥ መልካም አየርንና ጤናን፥ የታመኑ ወዳጆችንና ጎረቤቶችንም ጨመረ። ጎረቤትን ከእንጀራ ጋር መቍጠሩን ልብ በሉ። እንዲህ ከሆነ በደጃችን የሚያድሩት ሽማግሌ የዕለት እንጀራችን ክፍል ነበሩ፤ እኛ ግን ሣጥኑን ብቻ እንጠብቅ ነበር።

ስለዚህ ኑሮአችንን የምናቀልለው ለመዳን አይደለም። አስቀድሞ የተሰጠን ስለሚበቃን፥ እጃችንን ጨብጠን የምንኖርበት ምክንያት ስለሌለ ነው።

ሱነማዊቱ በነቢዩ ቃል ወንድ ልጅ ወለደች። ልጁም ባደገ ጊዜ አንድ ቀን ከአጫጆች ዘንድ ራሱን ታምሞ መጣ፤ እስከ ቀትር በእናቱ ጕልበት ላይ ተቀምጦ ሞተ። እርስዋም ወዴት ወሰደችው? ወደዚያች ትንሽ ክፍል አውጥታ በእግዚአብሔር ሰው አልጋ ላይ አስተኛችውና በሩን ዘጋች። ከዚያም አህያ አስጭና ነቢዩን ፍለጋ ወደ ቀርሜሎስ ተራራ ሄደች። ይህን ክፍል ባነበብን ቍጥር ዝም እንላለን። ክፍሉን ባሠራች ጊዜ ለዚህ ቀን ይሆነኛል ብላ አልነበረም። ነገር ግን ለቃሉ ያዘጋጀችው ስፍራ በመከራዋ ቀን ልጅዋን የምታኖርበት ስፍራ ሆነላት። ኤልሳዕም መጥቶ በዚያው ክፍል በሩን ዘግቶ ጸለየ፤ እግዚአብሔርም የልጁን ነፍስ መለሰ።

በዚህ ዓመት በማኅበራችን መካከል ልጃቸውን የቀበሩ ወላጆች አሉ። የእነርሱ ልጅ አልተመለሰም። እንግዲህ ክፍል ያዘጋጀ ሁሉ እንዲህ ይደረግለታል ብለን አንናገርም፤ እንዲህ ብለን የምንናገር ብንሆን ውሸተኞች በሆንን ነበር። የምንናገረው ይህን ነው፤ ኀዘንተኛ ኀዘኑን ይዞ የሚገባበት ስፍራ ያስፈልገዋል፥ ያም ስፍራ ኀዘኑ ከመጣ በኋላ በአንድ ቀን አይሠራም። ክርስቶስ ራሱ በመቃብር ያደረ ጌታ ነውና፥ በዚያ ክፍል ከእኛ ጋር ይቀመጣል።

የታሪኩን መጨረሻ ብዙ ሰው አያነብበውም። በምዕራፍ 8 ራብ ሊመጣ ሲል ነቢዩ ይህችን ሴት ተነሥታ እንድትሄድ ነገራት። እርስዋም ከቤተ ሰብዋ ጋር ወጥታ በፍልስጥኤማውያን አገር ሰባት ዓመት ተቀመጠች። ቤቱንና እርሻውን፥ ያችንም ትንሽ ክፍል ትታ ሄደች። አራት ዕቃ የሚበቃው መሆኑን ያወቀች ሴት ስትጠራ መነሣት አልከበዳትም ብለን እናስባለን። ስትመለስም ቤትዋና እርሻዋ በሌላ እጅ ነበሩና ወደ ንጉሡ ጮኸች፤ በዚያችው ሰዓት ግያዝ የልጅዋን መነሣት ለንጉሡ ሲተርክ አገኘችው፤ ንጉሡም ሁሉን፥ የሰባቱን ዓመት የእርሻ ፍሬ ጭምር፥ እንዲመልሱላት አዘዘ። አስቀድማ ያልፈለገችው ንጉሥ በሚያስፈልጋት ቀን እግዚአብሔር አዘጋጅቶ አቆየላት።

በዚህ ጳጉሜን አንድ ምሽት ለዚህ ነገር እንለይ። ስልኩ በሌላ ክፍል ይደር። የምንከፍለው ዕዳ እንዳለ በግልጥ እንቍጠረው፤ የበዓሉን ወጪም ከባልና ከሚስት አንዱ ብቻውን አይወስን፥ ሱነማዊቱም ክፍሉን ያሠራችው ከባልዋ ጋር ተማክራ ነው። ቂም ይዘን እንደ ሆነ እርሱም በሣጥኑ ውስጥ ያለ አሮጌ ዕቃ ነውና ከእርሱ ጋር ይውጣ። ከዚያም ሣጥኑን እንክፈት።

እኛ አይጥ ያልነካችውን ሁለተኛውን ጋቢ አራግፈን ወደ ሽማግሌው ዘበኛ ወሰድነው። እርሳቸውም በሁለት እጃቸው ተቀበሉን፤ ለረጅም ጊዜም አልለበሱትም፥ ጫፉን እየዳሰሱ ያዩት ነበር። በመጨረሻ ቀና ብለው፥ «እንግዳ ቢመጣባችሁስ ምን ታለብሱታላችሁ?» ብለው ጠየቁን።

ጸሎት፦ የሰማይ አባታችን ሆይ፥ በዚህ ዓመት ስለ ሰጠኸን እንጀራና ስለ ጎረቤቶቻችን እናመሰግንሃለን። ያከማቸነውንና ያላየነውን ይቅር በለን። በቤታችን ለቃልህ ስፍራ ስጠን፤ ያዘኑትን በዚያ ጐብኛቸው፤ ስለ ልጅህ ስለ ኢየሱስ ክርስቶስ። አሜን።