አስሩን ካሬ አትንካው

የእህቴ ልጅ፣ የላክልኝን ንድፍ ሦስት ጊዜ አየሁት። 5 ሜትር በ9 ሜትር፣ 45 ካሬ ቦታ፤ ከአጥር እስከ አጥር ሞልተኸዋል። ጭንቀትህ ይገባኛል። ግን ዕድሜዬን ከግንበኛና ከአናጢ ጋር የጨረስኩ ሰው ነኝና ስማኝ፤ ጠባብ ቤትን የሚያፍነው የብርሃንና የአየር መግቢያ ማጣት ነው።

ብልህ ከሌላው፣ ሞኝ ከራሱ ይማራል ይባላል። እኔ የተማርኩት ከራሴ ነው። የመጀመሪያ ቤቴን ልክ እንዳንተ አጥር ላጥር ሠራሁት። በቀትር መብራት ካልበራ ሽንኩርት አይከተፍበትም ነበር። ክረምት ሲገባ ግድግዳው አላበው፣ ልብሱ ቁም ሳጥን ውስጥ ሻገተ፣ ባለቤቴን ሳል እስከ መስከረም አልለቃት አለ። ለብርሃንና ለአየር ጥቂት መሬት ሳልተው መቅረቴ ዛሬም ይቆጨኛል።

አንተ በደቡብ በኩል 2 ሜትር ተው፤ 10 ካሬ መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ላይ ናት። በክረምት ፀሐይ ወደ ሰሜን ትሻገራለች፣ ያን ጊዜ አብዛኛውን ደመና ይሸፍናታል። ብርዱ በሚጠናበት በኅዳርና በታኅሣሥ ግን በደቡብ ሰማይ ነው የምታልፈው። በታኅሣሥ ቀትር የ3 ሜትር አጥር ጥላ 2 ሜትር ያህል ነው፤ ያን ያህል ከተውክላት መስኮትህን ሙሉውን ታገኘዋለች። የደቡቡ ጎረቤትህ ፎቅ ካሰበ ስሌቱ ይፈርሳልና፣ ከመንደፍህ በፊት ቤቱ ሄደህ ቡና ጠጣ፣ ሐሳቡንም ጠይቀው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት።

የተውከውን ካሬ ወደ ላይ ፈልገው። ታካሚትሱ አዙማ የሚባል ጃፓናዊ አርክቴክት በፈረንጆች 1966 ቶኪዮ ውስጥ 20 ካሬ በምታክል ቦታ ላይ ለራሱ፣ ለሚስቱና ለልጁ ቤት ሠርቷል። ወለል በወለል ላይ ደርቦ፣ ውስጡን በበር ሳይከፋፍል፣ ሁሉንም በደረጃ አያያዘው። እኛ ዘመድ የሚበዛብን ሰዎች ለመኝታና ለመታጠቢያ በር እንፈልጋለን፤ ደረጃን እንደ ክፍል ማየቱን ግን ውሰድለት። ቦታ ልቆጥብ ብለህ ገደል አታድርገው። 2.80 ሜትር ለመውጣት እያንዳንዳቸው 17.5 ሳንቲሜትር ከፍ የሚሉ 16 እርከኖች ይበቁሃል፤ ሥሩን መደርደሪያ አድርገው።

ሶፋ አትግዛ። የሳሎንህን ግማሽ ይበላዋል። አያቶቻችን መደብ ነበራቸው። ግድግዳውን ተከትሎ 45 ሳንቲሜትር ከፍታ፣ 75 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው መደብ በእንጨት አሠራ፤ ሆዱን መሳቢያ አድርገው። ቀን እንግዳ ይቀመጥበታል፣ ማታ ፍራሽ ተነጥፎበት እናትህ ደረጃ ሳትወጣ ታድርበታለች፤ ጉልበቷን ታውቀዋለህ። ከፍትፍቱ ፊቱ ነውና፣ ሰው ጉልበቱን አጥፎ የሚቀመጥበት ሳሎን ይዘህ ድግስ አታስብ። በሩ ወደ አስሯ ካሬ ሰፋ ብሎ ይከፈት፤ የቡናው ረከቦት እዚያ ይወጣል። ጥግ ላይ ትንሽ ቆርቆሮ ጣልና ምጣዱን አስቀምጥ፤ እንፋሎቱ ቤት አይገባብህም።

ውሃን ፍራ። መታጠቢያውን ከማድ ቤቱ ልክ በላይ አድርገው፣ ቧንቧው በአንድ መስመር ይውረድ። ግድግዳው ከተለሰነ በኋላ መቦርቦር ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ነው። ሮቶውንም ከጣሪያው ላይ ስታስብ ለመሐንዲሱ ቀድመህ ንገረው፤ 1,000 ሊትር ሲሞላ ውሃው ብቻ 1 ቶን ይመዝናል። አሸንዳህ ወደ ጎረቤት ግቢ እንዳይፈስ።

ቅዳሜ ጠዋት ሜትሬን ይዤ እመጣለሁ። ገመድና አራት ችካል አዘጋጅ፤ ቤቱን ከመለካታችን በፊት አስሯን ካሬ እንቸክላለን።