የመርዝ ጢስና የኀላፊነት ወሰን

ሰው ስለ ሠራው ክፉ ሥራ የሚጠየቀው እስከ ምን ጊዜ ድረስ ነው? ጥፋቱ ወዲያው የታየ እንደ ሆነ ፍርዱ አያስቸግርም። ነገር ግን ጥፋቱ ለብዙ ዘመን ተሰውሮ ቆይቶ በሌላ ምክንያት የተገለጠ እንደ ሆነ፥ ባለዕዳው ማን እንደ ሆነ ለመወሰን ማሰብ ያስፈልጋል። ለዚህ ነገር የመርዝ ጢስን ጉዳት ምሳሌ እናድርግ፤ ዓመታቱም ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ኢፔሪት የሚባለው መርዝ ስሙን ያገኘው በ1909 ዓ.ም. ሐምሌ ወር በጦር ሜዳ ከተጣለበት፥ ከቤልጅግ ከተማ ከኢፕር ነው። ጢስ ይባል እንጂ በውነቱ ቅባትነት ያለው ፈሳሽ ነው። የነካው ሰው ወዲያው ሕመም አይሰማውም፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ግን ዓይኑ ይቀላል፥ ቆዳው ይቈስላል፥ የትንፋሹ መንገድ ይቃጠላል። መንግሥታት በ1917 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ እንዲህ ባለው መሣሪያ በጦርነት እንዳይሠሩበት ተስማሙ። ሆኖም ኢጣልያ ውሉን ተቀብላ ሳለች በ1928 ዓ.ም. በአገራችን ወታደርና ባላገር ላይ ከአውሮፕላን አዘነበችው። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴም በዚያው ዓመት ሰኔ 23 ቀን ይህንኑ ግፍ ለመንግሥታት ማኅበር አሰሙ።

ከዚያ በኋላ ኢራቅና ኢራን ሲዋጉ፥ ሰኔ 21 ቀን 1979 ዓ.ም. የኢራቅ አውሮፕላኖች ሳርዳሽት በምትባል የኢራን ከተማ ላይ ይህንኑ መርዝ ጣሉ። ከ100 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ በሺህ የሚቈጠሩም ተጐዱ። ጦርነቱ በ1980 ዓ.ም. ቆመ፤ በብዙዎቹ ሳንባ ውስጥ የተጀመረው ጉዳት ግን አልቆመም። ቀጫጭኖቹ የትንፋሽ ቧንቧዎች እየጠበቡ ሄዱ፤ ሳልና የትንፋሽ ማጠር የዘወትር ኑሮአቸው ሆነ። እንዲህ ያለ ሳንባ ተርፎ የተቀመጠ አቅም ስለሌለው፥ ጤነኛ ሰው በሳምንት የሚያልፈው ሕመም እርሱን ለሞት ሊያደርሰው ይችላል። ማስታገሻ ሆነው ለረጅም ጊዜ ከሚወሰዱት መድኃኒቶችም አንዳንዶቹ ሰውነት በሽታን የሚከላከልበትን ኀይል ያደክማሉ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ኢራን በገባ ጊዜ ለእነዚህ ሰዎች አብልጦ የተሠጋው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ አንዱ ተነሥቶ፥ «መርዙን የጣለው ሰው ተሐዋሲውን አላመጣም፤ ከ32 ዓመት በኋላ ለመጣ ወረርሽኝ እንዴት ይጠየቃል?» ይል ይሆናል። በታኅሣሥ የሰው ቤት ጣራ ያፈረሰ ሰው፥ በሐምሌ የዘነበውን ዝናብ የፈጠርኩት እኔ አይደለሁም ቢል እውነቱን ነው። ነገር ግን ቤተ ሰቡ በዝናብ የተመታው ጣራው ስለ ፈረሰ ነውና ከዕዳው ነፃ አይሆንም። የጊዜው መርዘም በደሉን አያሳንሰውም፤ እንዲያውም ያፈረሰውን ሳይጠግን ብዙ ጊዜ ማሳለፉ ይከብድበታል።

በርግጥ ሳል ሁሉ ከመርዝ የመጣ አይደለም፤ እርጅናም ትንባሆም ሳንባን ይጐዳሉ። መርዙ የነካቸውም ሁሉ እኩል አልተጐዱም። ስለዚህ ከሚታመሙት መካከል ምክንያቱ በርግጥ ተለይቶ የማይታወቅ ብዙ አለ። ታዲያ የዚህ ጥርጣሬ ሸክም በማን ላይ ይውደቅ? መዝገብ የያዘ ሹም፥ «የዚያን ቀን ሐኪም የጻፈልህን አምጣ» ማለት ይቀለዋል። ነገር ግን መርዙ ጉዳቱን ደብቆ የሚያቆይ ስለ ሆነ፥ ቀላል መስሎት ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ወረቀቱን ከየት ያመጣል? ጥርጣሬውን የፈጠረው ታማሚው ሳይሆን መርዙን የጣለው ነውና ሸክሙም በታማሚው ላይ መውደቅ የለበትም።

አባቶቻችን «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ብለዋል። እዚህ ላይ ግን የተወጋውም ቢረሳ ሳንባው አይረሳም። የሰላም ውል ተኩስን ያቆማል፤ የተጐጂውን መዝገብ ለመዝጋት ግን ሥልጣን የለውም። በወረርሽኝ ጊዜም ሕክምና አስቀድሞ የሚገባው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው፤ ይህም የቆየ ዕዳ መክፈል ነው እንጂ ችሮታ አይደለም።