ሰው ቢያልቅ፣ ወረቀት ቢቃጠል፦ የዴር ሡልጣን ማኅበር በምን ይቆማል?

በኢየሩሳሌም፣ በጎልጎታው የትንሣኤ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ፣ በንግሥት ዕሌኒ ቤተ ጸሎት ጉልላት ዙሪያ ጥቂት የኢትዮጵያ መነኮሳት ይኖራሉ። ጎጆዎቻቸው ዝቅ ያሉ፣ በሮቻቸው ጠባብ ናቸው። ከጣሪያው ወደ ታችኛው አደባባይ የሚያወርደው መንገድ በሁለት ትንንሽ ቤተ ጸሎቶች ያልፋል፤ የላይኛው የአርባዕቱ እንስሳ፣ የታችኛው የቅዱስ ሚካኤል ነው። ስለዚህ ቦታ፣ ስለ ዴር ሡልጣን፣ በተነሣ ቁጥር «ርስቱ የማን ነው፣ የእኛ ወይስ የግብጻውያን?» እንባባላለን። ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ ግን ያለ ይመስለኛል፦ «የኢትዮጵያውያን ማኅበር» የምንለው፣ በዘመናት ሁሉ ያው ሆኖ የኖረው ነገር ምንድን ነው?

ይህን የሚያስጠይቀኝ አንድ ዓመት ነው። በ1838 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ) ወረርሽኝ ኢየሩሳሌምን መታ፤ የኢትዮጵያ መነኮሳትም አለቁ። መጻሕፍታቸውና ሰነዶቻቸው በሽታ ያዛምታሉ ተብሎ ተቃጠሉ። በማን ግፊት እንደተቃጠሉ ዛሬም ያነታርካል። ከዚያ በኋላ ከሀገር ቤት የመጡት መነኮሳት የደረሱት ተቀባይ አባት ወደሌለበት፣ ማስረጃ ወደሌለበት፣ የቤተ ጸሎቶቹ ቁልፍም በግብጻውያን እጅ ወደሚገኝበት ግቢ ነው። እነዚህ መጤዎች ያው የቀድሞው ማኅበር ናቸው? ወይስ ስሙን ብቻ የወረሱ ሌሎች ሰዎች?

ማኅበር ማለት ሰዎቹ ናቸው ካልን መልሱ አጭር ነው፤ ማኅበሩ በ1838 አከተመ። ግን ይህ አይበቃም። መነኩሴ አይወልድም፤ ስለዚህ ማንኛውም ገዳም ሁልጊዜ በመጤ የሚተካ ነው። የሚያያይዘው አሮጌው አባት ለአዲሱ ቆብ እያጠለቀ፣ ሥርዓቱን እያሳየ የሚያልፍ መሆኑ ነው። በዴር ሡልጣን የተበጠሰው ይህ ሐረግ ነው። አንድ ሁለት ሰው ተርፎ ነበር ቢባል እንኳ ክሩ እጅግ ቀጥኖ ነበር።

ወረቀቱንም ትተነው እንለፍ፤ ማኅበር በሰነድ የሚኖር ቢሆን ኖሮ እሳቱ ነገሩን በጨረሰው ነበር።

ቦታውስ? ብዙዎቻችን የምንደገፈው በዚህ ነው፤ ታሪኩ ግን አያግዘንም። በመካከለኛው ዘመን ኢትዮጵያውያን በታላቁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የራሳቸው ቤተ ጸሎቶች ነበሯቸው። በ1441 ከኢየሩሳሌም ወደ ፍሎረንስ ጉባኤ መልእክተኞች የላኩት የማኅበሩ አለቃ አባ ኒቆዲሞስ ጣሪያ ላይ የተገፋ ማኅበር መሪ አልነበሩም። በኦቶማን ዘመን ግን የሚጠየቀውን ክፍያ መቋቋም ያቃታቸው መነኮሳት ይዞታቸውን አንድ በአንድ እየለቀቁ ሄዱ፤ የቀራቸው ጣሪያው ሆነ። እንግዲህ ማኅበሩ ቦታ ሲቀይር አልጠፋም።

ሥርዓተ ጸሎቱ ነው የሚል ሰው ከሁሉም ይሻላል፤ በእርግጥም ቅዳሴው፣ ሰዓታቱ፣ የግእዙ ዜማ አልተለወጠም። ነገር ግን ያው ቅዳሴ በደብረ ሊባኖስም በላሊበላም ይቀደሳል። እዚያው ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ተጀምሮ በአፄ ምኒልክ ዘመን በ1893 በተፈጸመው የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትም ይቀደሳል። ሥርዓቱ ኢትዮጵያዊነቱን ያሳያል እንጂ የጣሪያውን ማኅበር ከሌላው አይለይም።

እኔ የደረስኩበት ይህ ነው፦ ማኅበሩን አንድ የሚያደርጉት ላኪዎቹ ናቸው። ከ1838 በኋላ የመጡት መነኮሳት ስለምን መጡ? የሞቱትን በአካል አውቀው አይደለም። ከቆላ እስከ ደጋ «እዚያ የእኛ አባቶች አሉ» ብሎ የሚያምን ሕዝብ ስለነበረ ነው። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ለኢየሩሳሌሙ ማኅበር መጽሐፍ ሲልኩ፣ ስማቸውን የማናውቃቸው ባልቴቶች ጥሪታቸውን ሸጠው ለመሳለም ሲወጡ፣ የሚያደርጉት ነገር አንድ ነበር። ወረርሽኙ በጣሪያው ላይ የነበሩትን ገደለ፤ ሀገር ቤት የነበረውን የማኅበሩን ግማሽ ግን አላገኘውም። ዛፍ ከላይ ሲቆረጥ ከሥሩ እንደሚያቆጠቁጥ፣ ማኅበሩም ከዚያ አቆጠቆጠ።

ተቃዋሚ አለኝ፤ ደግሞም ጠንካራ ነው። «በሩቅ ሆኖ መመኘት ይዞታ ከሆነ፣ ማንም የፈለገውን ሁሉ የእኔ ሊል ነው» ይላል። እውነት ነው፤ መላክ ብቻውን አይበቃም፣ የተላከውም መገኘት አለበት። በኢየሩሳሌም መገኘት ደግሞ ቀልድ አይደለም። ኦቶማኖች በ1852 ያጸኑት «ስታተስ ኮ» የሚባለው ደንብ ማን የትኛውን ደረጃ ይጠርጋል፣ ማን የትኛውን መብራት ያበራል የሚለውን ሁሉ እንዳለ እንዲቀር ያዛል፤ መጥረጊያ ያነሣ ሰው መብት አነሣ ማለት ነው። በ2002 አንድ ግብጻዊ መነኩሴ ከፀሐይ ሸሽቶ ወንበሩን ወደ ጥላው ቢያስጠጋ ጠብ ተነሥቶ ከሁለቱም ወገን 11 ሰዎች ቆስለዋል። እንግዳ ሰው ይስቅ ይሆናል። የዚያን ግቢ ሕግ ለሚያውቅ ግን ወንበሩ ከድንበር ምልክት አያንስም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። የእኔ መልስ እውነት ከሆነ ለግብጻውያንም ይሠራል፤ እነርሱም ላኪ ሕዝብ አላቸው፣ ቁልፉንም ለረጅም ጊዜ ይዘዋል። እዚህ ላይ አንገቴን አላዞርም። በ1961 የዮርዳኖስ መንግሥት ለእኛ ፈርዶ ብዙም ሳይቆይ ውሳኔውን አገደ። በ1970 በፋሲካ ሌሊት ደግሞ ግብጻውያኑ ታች በጸሎት ላይ ሳሉ የእኛዎቹ የሁለቱን ቤተ ጸሎቶች ቁልፍ ቀየሩ፤ የእስራኤል ፖሊስም አላገዳቸውም። በ1971 የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድርጊቱን ነቅፎ ቁልፉ ለግብጻውያን እንዲመለስ አዘዘ፤ የባለቤትነቱን ክርክር ግን መንግሥት እንዲወስንበት ተወው። መንግሥት እስካሁን አልወሰነም፤ ቁልፉም በእኛ እጅ ነው። ያን ሌሊት እንደ ድል የሚተርኩ ወገኖቼን አልከተልም። ሌላው ሲጸልይ በሩን መዝጋት፣ መብቱ የእኛ ቢሆን እንኳ፣ የመነኩሴ ሥራ አይደለም። ደግሞም የማኅበሩ ህልውና በቁልፍ የሚለካ ቢሆን ኖሮ፣ ቁልፍ ባልነበረን ዘመን ሁሉ ማኅበር አልነበረንም ማለት ይሆን ነበር። ስለዚህ ሁለቱ ነገሮች ይለዩ፦ የቁልፉ ክርክር በዳኛ ይለቅ፤ ማኅበሩ መኖሩ ግን የዳኛ ፈቃድ አይጠይቅም።

ይህ ከሆነ የማኅበሩ መዝገብ ኢየሩሳሌም ብቻ አይደለም ያለው። እሳት ያልደረሰበት ግማሽ በየቤታችን አለ፦ አያት ለስእለት የላኩት ገንዘብ፣ ከጉዞ የተጻፈ ደብዳቤ፣ በጣሪያው ላይ በፋሲካ ድንኳን አጠገብ የተነሡት ፎቶ፣ እዚያ መንኩሶ የቀረ የአጎት ወሬ። እናት አባትህ ተሳልመው እንደሆነ ዓመቱን ጠይቅ፤ ማን እንደተቀበላቸው፣ የትኛው በር ክፍት፣ የትኛው ዝግ እንደነበረ ጠይቅ። የነገሩህን ጽፈህ አንዱን ቅጂ ለቤተ ሰብህ፣ ሌላውን ለደብርህ ስጥ። ደብዳቤና ፎቶ ካለ ደግሞ ዋናውን አስቀምጠህ ግልባጩን ወደ ገዳሙ ላክ።